ከመሬት እንዳይለይ

ቦንጋ በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉ የምወደው የመሥሪያ ቤታችን ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ መተየብ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ ስለዚህ በሩን ከፍቶ «ይቺን አንድ ገጽ ቶሎ» የሚለኝ አይኖርም። እኔም ትከሻዬ ላይ ነጠላዬን ጣል አድርጌ የፈለግኩትን ያህል ቀስ እያልኩ እሠራለሁ። ዝናብ ደግሞ በዚያ አገር አይጠፋም፣ ስለዚህ ደስታዬም አይጠፋም ነበር።

ጅማ ሄጄ ስድስት ወር ኮምፒውተር ተምሬ የተመለስኩ ጸሐፊ ነበርኩ። ስድስቱ ወር ግን አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ፋይልን ከፎልደር የሚለይ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ኮምፒውተር የተባለውን ሁሉ እኔ የወለድኩት ይመስለኝ ጀመር። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲባል ስሰማ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ እየመሰለኝ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ።

ጊዜው በየስብሰባው «አቅም ግንባታ» የሚባልበት፣ ወረዳ ሁሉ በኔትወርክ ይገናኛል የተባለበት ነበር። ደካ ያለ ኃላፊ ቦንጋ ያለውን በስክሪን ያየዋል፣ ቢታ ገነት ያለው ደግሞ ጭቃ ሳይረግጥ ከአዲስ አበባ ጋር ይሰበሰባል ተባለ። ለዚህ ሁሉ መጀመሪያው ራውተር የሚባለው፣ ግንኙነቱን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው መሣሪያ ነበር። እንደ ሬዲዮ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አይደለም፤ ባለሙያዎቹ ራክ በሚሉት ከሰው ቁመት በሚበልጥ የብረት መደርደሪያ ላይ በብሎን የሚታሰር ከባድ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ሊተከል ተወሰነ።

ከመሣሪያው ቀድሞ አራት ገጽ እንግሊዝኛ መጣ። ዕቃው ከመድረሱ በፊት ቦታው እንዴት እንደሚዘጋጅና ተካዮቹ ምን እንደሚጠነቀቁ የሚናገር መመሪያ ነው። የክፍላችን ኃላፊ አገላብጦ አየውና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

«የሥራ ቋንቋችን አማርኛ ነው፤ ተርጉሚውና ማኅተም ተመትቶበት ለየክፍሉ ይበተን» አለኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ከመዝገበ ቃላት ጋር ታገልኩ። አንድም የፈረንጅ ቃል ላላስገባ ከራሴ ጋር ተማማልኩ። ክፍሉ እርጥበት የማይገባበትና አየር የሚዘዋወርበት ይሁን አልኩ። መደርደሪያው ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰር፣ ከባዱ ዕቃ ከታች ይሁን፣ መሣሪያውን ሁለት ሰው እንጂ አንድ ሰው አያንሣ፣ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፣ መብራት ከዋናው ማጥፊያ ተዘግቶ ማንም እንዳይከፍተው ማስታወቂያ ይለጠፍበት ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የመጣው የመሬት ሽቦ ነገር ነበር። መሣሪያው ውስጥ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወይም መብረቅ ሰው ላይ ከሚወጣ ወደ መሬት እንዲወርድ ሽቦ ይዘረጋለታል፤ ኤሌክትሪሺያኖቹ ግራውንድ ይሉታል። እኔ ግን ምዬ የለ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «መሣሪያው ከሁሉ አስቀድሞ ከመሬት ጋር ይገናኝ፤ በማናቸውም ጊዜ ከመሬት እንዳይለይ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ስጨርስ ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። የጸሎት መጽሐፍ ይመስላል። ኃላፊዬም «አማርኛሽ ያምራል» ብሎ ፈረመበት፣ ክቡ ማኅተም ተመታበት፣ ኤሌክትሪሺያናችን አንብቦ «ልክ ነው» አለ። ለሚያውቅ ሰው ልክ ነበር። በማግስቱ የወረዳ ጸሐፊዎችን ላሠለጥን ለዐሥር ቀን ወደ ዋጫ ሄድኩ።

ስመለስ ሰኔ ገብቷል፤ ራውተሩም እኔ በሌለሁበት ደርሶ ግምጃ ቤት ገብቷል። የሚተክለው ኢንጂነር ከሁለት ቀን በኋላ ሐሙስ እንደሚመጣ ተነገረኝ። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ካርቶኑን ለማየት ወደ ግምጃ ቤት ሮጥኩ።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የአገሩ ተወላጅ የሆኑ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ሠላሳ ዓመት ያህል ያንን በር ሲከፍቱና ሲዘጉ አንድ አካፋ ጠፍቶባቸው አያውቅም፤ በሰኔ ሠላሳ ግምጃ ቤቱን አስረክበው ጡረታ ሊወጡ ነው። አማርኛን የተማሩት አድገው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይሉ ነበር። በቋንቋቸው በካፊኖኖ አንተና አንቺ አንድ ናቸው ብለው አንድ ጊዜ አስረድተውኛል። እኔም ከሳቸው አፍ ሲወጣ «አንተ» መባል ደስ ይለኝ ነበር።

መደርደሪያዎቹን ሁሉ በዓይኔ ዞርኩ፤ ካርቶን የለም።

«ጋሼ፣ ራውተሩን የት አደረጉት?»

«እንደ ወረቀቱ ነው ያደረግኩት» አሉ። «መሬት ላይ ነው። አንተ ወረቀቱን አላየህም?»

«እዚህም መሬት ነው እኮ» አልኩ ወለሉን እያሳየሁ።

«ይኼ ሲሚንቶ ነው» አሉ በትዕግሥት። «ሲሚንቶ በመኪና የመጣ ነው። ማኅተም ያለው ወረቀት መሬት ካለ መሬት ነው።»

ከግምጃ ቤቱ በስተኋላ የተቀጠለች፣ አሮጌ ዶማና የተሰበረ ወንበር የሚከማችባት ወለሏ አፈር የሆነች ክፍል ነበረች። በሯን ገርበብ አድርገው አሳዩኝ። በባዶው አፈር ላይ ሸራ የለበሰ አንድ ነገር ተቀምጧል። ዝናቡ ግድግዳውን እየደበደበ ነው፤ ክፍሏ የእርጥብ አፈር ሽታ ትሸታለች። በሩን መልሰው ቆለፉትና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

«በማናቸውም ጊዜ ከመሬት እንዳይለይ» አሉ፣ ቃል በቃል በቃላቸው ይዘውታል። «ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን አልተለየም።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ሳልሮጥ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጬ የታጠቅኩት ነው የተፈታው። ምን እንደሆነ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን አልወጣልኝም። ቀድሜ ለኃላፊዬ ልንገር ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት።

ኃላፊዬ ጋ ገብቼ «ራውተሩ መሬት ላይ ነው ያለው፣ ኋላ ያለችው ክፍል ውስጥ» ማለት ብቻ ነው የቻልኩት። ቀጣዩን ሳልናገር እሱ ቀጠለው።

«ይኸው ነው እንግዲህ» አለ። «ለጡረታ የደረሰ ሰው ካነበበው ያልገባው ይበልጣል። ዕቃው ተበላሽቶ ከተገኘ የመሰናበቻ ክሊራንስ የሚባል የለም፣ እዚሁ ይጠየቃሉ። አሁን ማንም እንዳይነካው። ኢንጂነሩ ባለበት የርክክብ ኮሚቴው እንዳለ ይየው።»

ዕቃውን ከእርጥቡ ለማንሣት እንኳ ኮሚቴ ሊጠበቅ ነው። የመንግሥት ሥራ እንዲህ ነው፤ የሰመጠውም ሰው በቃለ ጉባኤ ነው የሚወጣው። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ብናገር ነገሩ ያበቃ ነበር። አልተናገርኩም። የእንግሊዝኛው ወረቀት የኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከኔ በቀር ሁለቱን አስተያይቶ የሚያይ የለም። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ከተናገርኳቸው «እሺ»ዎች ሁሉ የማፍርባት እሷ ናት።

በማግስቱ ረቡዕ ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር ክፍሉን ስናዘጋጅ ዋልን። ቀድሞ የመዝገብ ክፍል የነበረ ነው። መስኮቱን አየር እንዲያስገባ አይጥ ግን እንዳያስገባ ወንፊት ሽቦ መታንበት። ራኩን አቁመን በአራቱም እግሩ ከወለሉ ጋር አሰርነው፤ እኔ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት፣ አልተነቃነቀም። ከዚያ ኤሌክትሪሺያኑ ከመስኮቱ ሥር በውጭ በኩል ጉድጓድ አስቆፍሮ ረጅም የመዳብ ዘንግ ቀበረ፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞላበት። መለኪያውን አድርጎ ሲያየው ፊቱ በራ።

«የቦንጋ መሬት ለዚህ ሥራ ነው የተፈጠረው» አለ። «በረጠበ ቁጥር ጥሩ ግራውንድ ነው።»

በረጠበ ቁጥር። እኔን ያች የአፈር ክፍል ትዝ አለችኝ።

አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን ሽቦ ከራኩ አውጥቶ፣ በመስኮቱ አሳልፎ፣ ከዘንጉ ጋር ማሰር ሲጀምር ጋሼ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ለወሰደው ከሰል የወጪ ደረሰኝ ሊያስፈርሙት ነው የመጡት። ወረቀቱን ዘርግተው ሳለ ዓይናቸው ሽቦው ላይ አረፈ። ከሽቦው ወደ ዘንጉ፣ ከዘንጉ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ራኩ ተመለሰ።

«መገናኘት ማለት ይኼ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ ግራውንድ እኮ ነው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ቀና ሳይል።

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። ቁጣ ቢያሳዩኝ እንዴት በተሻለኝ። ያየሁት ግን ተማሪ ቤት ለጥያቄ ተነሥቶ መልሱ የጠፋበት ሰው ፊት ነበር፤ ያን የመሰለ ፊት በሽማግሌ ላይ ማየት ከባድ ነው። ጥግ ይዤ ወሰድኳቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም የተሳሳቱት» አልኩ። «እኔ ነኝ የተረጎምኩት። ሽቦ የሚል ቃል መጨመር ነበረብኝ፣ አልጨመርኩም። ትናንትም ለኃላፊው መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ።»

ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ከዚያ «ና» አሉኝና ወደ ግምጃ ቤቱ ወሰዱኝ። የኋላዋን ክፍል ከፍተው ሸራውን ገለጡት። ከሥሩ ካርቶን አልነበረም፤ የኮባ ቅጠል ነበር። የእንሰት ቅጠል በቅጠል ላይ ተነባብሮ፣ ጫፉ እየታጠፈ፣ በልጡ የታሰረ አንድ ትልቅ ጥቅል። ሴቶቹ ቆጮ ጉድጓድ ሲያስገቡ የሚጠቀልሉት አጠቃለል ነው።

«መሬት ላይ አድርግ ሲሉኝ ፈራሁ» አሉ። «እኛ ዘንድ ግን ቆጮ ከመሬት ውስጥ ዓመት ይቀመጣል፣ አይበላሽም። ለምን? ቅጠሉ ነው። ከውስጥ የማዳበሪያ ላስቲክ አለ፣ ከሱ ላይ ደረቅ ኮባ፣ ከሱ ላይ እርጥብ ኮባ። በየሦስት ቀኑ የውጭውን እቀይራለሁ። ኮባ የመሬት ልጅ ናት፤ ስለዚህ ከመሬት አልለየሁትም።»

ጠዋት ጠዋት ቅጠል በብብታቸው ይዘው ሲገቡ ጥበቃው ያያቸው ነበር። «ጋሼ ግምጃ ቤት ውስጥ ዳቦ ሊጋግሩ ነው» እያለ ይስቅ እንደነበር በኋላ ነገረኝ። እጄን በቅጠሎቹ መካከል ሰድጄ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ጣቴ የደረሰበት ደረቅ ነበር። ግን መሣሪያው ያለው ገና ወደ ውስጥ ካርቶኑ ውስጥ ነው፣ እዚያስ ምን እንዳለ ማን ያውቃል።

«ነገ እኔ እናገራለሁ» አልኳቸው።

«አትናገር። እኔ በሰኔ ሠላሳ እወጣለሁ፤ አንተ ገና ሠላሳ ዓመት አለህ። ሰው አንዴ ተሳሳተ ከተባለ ስሙ ይኼ ይሆናል።» ሸራውን መለሱ። «ዝም በል።»

ሐሙስ ኢንጂነሩ መጣ። ቀጭን፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ሰው ነው። ገና እንደገባ የራኩን ብሎኖች አንድ በአንድ ነካካ፣ ግራውንዱን ለካ፣ ወንፊቱን አይቶ ፈገግ አለ። ከዚያ መብራቱን ከዋናው አስጠፋ፤ «ሰው እየሠራ ነው፣ አትክፈቱ» የሚለውን እኔ የተየብኩትን ወረቀት ማጥፊያው ላይ ለጠፍኩ። ሁላችንንም ቀለበትና ሰዓት አስወለቀን። የኃላፊዬ የጋብቻ ቀለበት ግን ዓመታት ከጣቱ ጋር አብረው አድገው ኖሮ በሳሙናም በቅባትም አልወጣ አለ። ኢንጂነሩ «እንግዲያው እርስዎ ከበሩ ወዲህ አይግቡ» አለው። እኔና ኤሌክትሪሺያኑ አልተያየንም፤ ብንተያይ እንስቅ ነበር።

ጋሼና ኤሌክትሪሺያኑ ጥቅሉን ለሁለት ተሸክመው መጡ። ኢንጂነሩ ቅጠሉን ሲያይ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ጠፋው። ኮሚቴው ግን አልጠፋውም።

«ምግብ ነው እንዴ?» አለ ኃላፊዬ ከበሩ። ሳቁ ተነሣ። ጋሼ ሳይናገሩ ልጡን ፈቱ፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ እያነሡ በሥርዓት ደረደሩት፣ ላስቲኩን ገለጡ። ካርቶኑ እንደመጣ ነበር። ኢንጂነሩ ቀዶ ከፈተው፤ መሣሪያው በታሸገ ከረጢት ውስጥ ነው፣ ከአጠገቡ እርጥበት ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ትንሽ ወረቀት አለ። እኔ ወረቀቷን ለማየት ስል የረገጥኩት የኤሌክትሪሺያኑን እግር ነበር።

«ሰማያዊ ነው፣ ጠብታ እርጥበት አላገኘውም» አለ ኢንጂነሩ። «በዚህ ዝናብ ይሄን ያህል ደረቅ የመጣልኝ የለም።»

ለሁለት አንሥተው ራኩ ላይ አስገቡት፣ ከሁሉ አስቀድሞ የመሬቱን ሽቦ አሰሩለት፣ ከዚያ ሌላውን። መብራቱ ሲለቀቅ ፊቱ ላይ ያሉት ትናንሽ አምፖሎች አረንጓዴ ሆኑ። ደስ አለኝ፤ እፎይታም ነበር። በዚያ ላይ የሁሉ ነገር በደህና ማለቅ ያመጣው ክፉ ሐሳብ ነበር፦ ካልተበላሸ ማን ምን ያደርጋቸዋል፣ ዝም ብልስ?

ከዚያ ጠረጴዛ ተቀምጠን ቃለ ጉባኤ ልንጽፍ ሆነ። ቃለ ጉባኤ ያዧ እኔ ነኝ። ኃላፊዬ ቀለበቱን እያሻሸ ያስጽፈኝ ጀመር።

«በግምጃ ቤቱ ኃላፊ የአረዳድ ጉድለት ምክንያት ዕቃው አላግባብ መሬት ላይ ተቀምጦ የተገኘ ቢሆንም፣ ጉዳት ሳይደርስበት...»

እስከ «አላግባብ» ድረስ ጻፍኩ። የዚህ ወረቀት ግልባጭ የጋሼ የግል ማኅደር ውስጥ ነው የሚገባው። ሠላሳ ዓመት ምንም ያልተጻፈበት ማኅደር ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የመጨረሻው ቅጠል ይህ ሊሆን ነው፤ በኔ እጅ ጽሕፈት። ብዕሩን አስቀመጥኩ።

«የአረዳድ ጉድለት አይደለም» አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። «የትርጉም ስህተት ነው። የተረጎምኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ወረቀቱ እንዳለው አደረጉ፤ ከዚያም ወረቀቱ ካበላሸው አዳኑት። ማክሰኞ ይህን አውቅ ነበር፣ ሳልናገር ቀረሁ።»

ከመሳቢያዬ ያመጣሁትን እንግሊዝኛ አወጣሁ። ኢንጂነሩ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አነበበ።

«ለሚያውቅ ሰው ልክ ነው» አለ።

«ለሚያውቅ ሰውማ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል» አለ ኃላፊዬ። ጆሮው ቀልቷል፤ ፊርማው ያለው እዚያው ወረቀት ላይ ነው። «እሺ፣ እንደዚያው ጻፊው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የብዕርም ያው ነው።»

የመጀመሪያውን ሰረዝኩና «በጸሐፊዋ የትርጉም ስህተት ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም ፈረሙ። ወረቀቱ ጋሼ ጋ ሲደርስ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ከየመስመሩ ሥር እያስኬዱ አነበቡ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይኼን አልፈርምም» አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎን እኮ አይነካም» አለ ኃላፊዬ።

«ዕቃው ሲመጣ በሞዴል ዐሥራ ዘጠኝ የገቢ ደረሰኝ ቈጥሬ ተረከብኩ» አሉ። «አንድ ራውተር። ብሎን ከነሳጥኑ። አንድ ሽቦ። ስህተት የሚባል ዕቃ አብሮ አልመጣም። ያልተረከብኩትን አላስረክብም።»

ኃላፊዬ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ፊርማውን የያዘውን ወረቀት። በመጨረሻ ብዕሩን ከእጄ ወስዶ ያችን መስመር ራሱ ሰረዛት። አዲስ ገጽ አወጣሁና እንደገና ገለበጥኩት፦ «ዕቃው ደረቅና ሙሉ ሆኖ ተገኝቷል፤ በጥንቃቄ ተተክሏል።»

ጋሼ አንብበው ፈረሙና ወረቀቱን ወደኔ ገፉት። ከስማቸው ሥር ስሜን ጻፍኩ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ፈርሜ አላውቅም።